ኮድ ዘጠና ዘጠኝ

ስድስት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል፣
ሠላሳ አንድ ዓመት መዘገብኩ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል።
በግራ እጄ ሰከንድ ቆጣሪ፣ በቀኜ የተላሰ እርሳስ፣
የማስታወቂያዋን ሴት ሳቆም፣ ስለቅ፣ ወደ ኋላ ስመልስ።
ሳሙና ይዛ ትስቃለች፤ የሚናገርላት ሰው አለ፣
ወፍራም ድምፅ፣ መልኩ የማይታይ፣ በእሷ እጅ ንጽሕና የማለ።
ጾታ፦ ሁለት። ንግግር፦ ዜሮ። ስም፦ ዘጠና ዘጠኝ።
«አልታወቀም» ማለት ነው በእኛ ደንብ፤ የተሻለ ቃል አልመጣልኝ።

ባልደረቦቼ ይስቁ ነበር፦ «እታፈራሁ ቲቪ ታያለች፣ መንግሥት ይከፍላታል፤
እኛም ማታ ማታ እናያለን፣ ለእኛስ ማን ያስብልናል?»
አልተቀየምኩም። እውነት ነው፣ ዐይኔን ነበር የሸጥኩት፤
አገር ያለቀሰበትን ድራማ በሰከንድ በሰከንድ ከተፍኩት።

እናቴ አንድ ማታ አጠገቤ ሆና ዜና አንባቢዋን አየችና፣
«ጠይም ናት፣ ግን ታምራለች» አለች፣ ከልቧ፣ በደኅና።
እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያቺን «ግን» ታቅፌ አደርኩ፤
በማግስቱ በቅጹ ላይ አንድ አዲስ ዐምድ አሰመርኩ።
«ጥቁር ብትሆንም»፣ «ቀይ ባትሆንም»፣ «መልኳ ባይፈካም ቅሉ»…
ስድስት መቶ አርባ ሁለት ናቸው፤ እስካሁን በካርቶን አሉ።

ከባሕር ማዶ ገምጋሚው ጻፈልኝ፦ «አገርሽ ሁሉም ጥቁር ነው፤
ስለ ቀለም ስታጠኚ፣ ማንን ከማን ነው የምታወዳድሪው?»
እዚህ ደግሞ ሰብሳቢያችን «የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለኝ፤
ወዲያው ወደ በሩ ዞሮ፦ «አንቺ ጥቁሯ፣ ሻይ ጨምሪልኝ።»
ለዚያ ዐምድ አልነበረኝም።
የስኒው ማንኪያ ሲንቃጨል ሰማሁ፣ እሱን ብቻ።

አሪየት ኦጁሉ ከጋምቤላ መጣች፣ ለሁለተኛ ዲግሪ።
«አራት ኪሎ! ፒያሳ!» የሚለው ረዳት
በተሰበረ እንግሊዝኛ ነው ሂሳብ የሚጠይቃት።
«ከየት አገር ነሽ?» ሲላት፣ «ከአንተው አገር» ትለዋለች፤
አፉን ይይዛል፤ እሷም መልሷን ሳትቀበል ትወርዳለች።

ሁለት ሰው ለየብቻው አይቶ ቁጥሩ መግጠም አለበት፤
የሙያው ሕግ ነው። በሁሉም ገጠምን፣ ከአንድ ትዕይንት በቀር።
ተሸካሚው ጆንያ ይዞ ይወድቃል፤
ባለ ሱቁ በቀለሙ ይጠራዋል፤ ከበስተጀርባ ሳቅ ይለቀቃል።
እኔ «ቀልድ» ብያለሁ። እሷ «ስድብ»።
ሦስት ጊዜ መልሰን አየነው፣ ጎን ለጎን፣ ቃል ሳንነጋገር።
በሦስተኛው ትዝ አለኝ፤
ያ ክፍል መጀመሪያ የታየ ማታ፣ ቤቴ፣ ሶፋ ላይ፣
የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።
ላጲስ አነሣሁ። ወረቀቱ እስኪሳሳ።

ባለፈው ሐሙስ ሸኙኝ፤ አበባ፣ ጭብጨባ፣ አንድ ካሜራ።
ማታ ከአሪየት ጋር አራት ኪሎ ካፌ ገባን፣
ቲቪው ከጁስ መጭመቂያው በላይ ተሰቅሏል።
ስምንት ሰከንድ። እጄ ሳላዘው ቆጥሮታል።
አበባውን ታቅፌ እስቃለሁ፤ የሚናገርልኝ ዲኑ ነው፤
ከሥር የተጻፈው «አንጋፋዋ ተመራማሪ» ነው።
«ሴት ብታውቅ…» አለች አሪየት፤ ተረቱን አልጨረሰችውም።
አስተናጋጇ ማክያቶውን አስቀምጣ ቀና አለች፦
«እርስዎ ነዎት እንዴ?» ዜናው ግን ወደ ኳስ አልፏል።

ሶፍት ሳብኩና ከልማዴ መጻፍ ጀመርኩ።
ጾታ፦ ሁለት። ንግግር፦ ዜሮ። ስም፦
አሪየት እርሳሱን ከእጄ ወሰደችው።
«መጨረሻው "ሁ"፣ በሀሌታው ነው በሐመሩ?» አለችኝ፣
የምር፣ ፊደሏን ደቅና፣ ልትጽፍ ጎንበስ ብላ።