ክርኗ

ሰው አያምነኝም እንጂ እኔስ ነገሩን ትቼው ነበር፤
ገመቹ ነው የሚቀሰቅሰው፣ ደንበኛ ጠፍቶ ሲመሽ ሰፈር።

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አለፍ ብሎ፣
ሲኖትራኩ ጠጠር እያንጠባጠበ፣ አቧራውን አስከትሎ
በሚያልፍበት ጥግ ነው የኔ ቤት፦
አንድ ኮምፕሬሰር፣ ሁለት ክሪክ፣ በኖራ «ጎሚስታ» የተጻፈበት
የተሰቀለ ጎማ።

ጥቅምት ነበር። ብርዱ ከገላን ሜዳ በኩል እየገፋ፣
የገመቹ ስልክ ባትሪው ሊጠፋ፣
አንዲት ነጭ መኪና ባንድ እግሯ እያነከሰች
መጥታ ቆመች።
ሴት ናት። ባለ ተረከዝ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወረደች።
«ቶሎ ይሠራል?» አለች።

ከፊቷ በፊት ያወቅሁት ድምፁን፣
እሑድ ማታ እሑድ ማታ ባለቤቴ የምትረግመውን፣
«ይቺ እባብ!» እያለች ትራስ የምትደበድብበትን።
በድራማው ባሏን በመርዝ የገደለች፣
የእንጀራ ልጇን ከቤት ያስወጣች፣
ትርሲት! ራሷ ትርሲት፣ የኔ ዱካ ላይ ተቀመጠች።

እንግዲህ ሰው ቢሆን ምን ይል ነበር?
እኔ ያልኩት፣ «የእጅ ፍሬኑ ተይዟል?» ነበር።

ክሪኩን አስገባሁ። አንዱ ብሎን እምቢ አለ፤ በእግሬ ቆምኩበት።
ጎማውን ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤
አረፋው ተንደቀደቀ፤ በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት።
የቆርቆሮ ሚስማር ነው፣ ባለ ባርኔጣ፣
ሌሊት ጨረቃ ቤት ሲቆም ከአናጢ እጅ አምልጦ መንገድ የወጣ።

ቀና ስል አንቀላፍታለች።
የአሮጌ ጎማ ክምር ላይ ራሷን ጥላ፣ አፏን ትንሽ ከፍታለች።
ተረከዟ ላይ ፕላስተር፣ ጠርዙ የተገፈፈ፣
ከሥሩ ቁስሉ ቀይ፣ አቧራ ያረፈ
በት።
ብሎኑን በመፍቻ ሳይሆን በጣቴ፣ ቀስ አድርጌ መለስኩ።
ለሲኖትራክ ሹፌር እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ ለማንም አልነገርኩ።

ስትባንን ገመቹ ስልኩን ደቅኗል።
እጇን ወደ ፊቷ አነሳች፤ ፍላሹ በራ፤ ወዲያው ባትሪው ሞቷል።

«ስንት ነው?» አለች። እኔም፣ ሰይጣን ነው እንጂ ሌላ ምን ልበል፣
እጥፉን ጠራሁ።
«ወንድሜ፣ ለባለ ሲኖትራኩም ይኼንኑ ትለዋለህ?»
አፈርኩ። ቀነስኩ። አሁንም ቀንስ አለች።
በመጨረሻ ተጣበቅን በሃያ ብር፣
እንደ ጉሊት፣ እንደ ቲማቲም ገበያ። እውነቱን ልናገር?
ከሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነበር።

«ደህና እደሪ ትርሲት» አልኳት።
መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሜ እኮ እሱ አይደለም» አለችና
ስሟን ነገረችኝ።
ሲኖትራክ አለፈ።
አልሰማሁም።

ፎቶው ክርን ነው።
ክርን፣ የጎማ ጠርዝ፣ የቀረው ብርሃን ነው።
ሰፈሩ በሙሉ አየው። «ይኼማ የአስካለ ክርን ነው» አሉ፤
«የገመቹ ጉልበት ነው» ያሉም አሉ።
አስካለ፣ ሚስቴ፣ ሦስት ቀን አኮረፈች፦
«ሚስማሩን ምን ቤት ነህ የምትነቅልላት? እዚያው ትቅር!» እያለች።

ሚስማሩ ክብሪት ቤት ውስጥ ነው፤ ላሳይህ እችላለሁ።
እኔ ግን አንዳንዴ አየሩን አስባለሁ።
ከዚሁ ከአቧራችን የሳብኩት አየር፣
ጎማዋ ውስጥ ታጭቆ ቦሌ ሲዞር፣
ፊልም በሚመረቅበት አዳራሽ ደጅ ሲቆም፣
ጥበቃው «ማነህ?» ሳይለው፣ ወረፋ ሳይዝ ማንም
ሳያውቀው።

ባለፈው እሑድ ትርሲት ተያዘች።
በካቴና ከነወርቋ፣ ከነኩራቷ ተነዳች።
ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት በእልልታ ቀለጠ።
አስካለ ትራሱን አቅፋ፣ እጇ ሳይነቃነቅ ተቀመጠ።
ቆየችና፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣
«ተረከዟ ድኖላት ይሆን?» አለች።
«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።
ማስታወቂያ ገባ።