ሌላው ወደብ

ጓዳዬ ውስጥ፣ ከቃሪያ ጠርሙሶች ጎን፣
ክዳን የሌለው ማሽን ያንኮራፋል ሌሊቱን።
የዓሣ መጋዘኑ ሊጥለው ሲል ለመንኩት፤
ሊኑክስ ጫንኩበትና ከሞት መለስኩት።
መስኮት የለው፣ ሥዕል የለው፣ ማውስ እንኳ የለው፤
ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው የሚያበቅለው።
ስገባ «ሥር» ነው ስሜ፤ በዚያ ቤት ሁሉን ቻይ፤
አንድ ፊደል ብስት ዓለም ትጠፋለች፣ ከታች እስከ ላይ።
ቀን ቀን ግን ሳቪና ነኝ፣ የቱልቻ በረዶ ቤት ጠጋኝ፣
እጄ ዓሣ የሚሸት፣ አለቃዬ የሚቆጣኝ።

ጨዋታው ጫካ ነው፤ በረዶ፣ ተኩላና ጨለማ፤
እንጨት ያልሰበሰበ ሰው ሲነጋ ስሙ አይሰማ።
ስድስት ነን የምንገባ። ዝላቲና ከሲሊስትራ፣
ቀን ስታዋልድ ውላ ማታ ተኩላ የምታሳድድ ከጋራ ጋራ፤
የብራይላ መንትዮች፣ በአንድ ስም የሚጠሩ፣
ወንበራቸው አንድ ስለሆነ በተራ የሚሠሩ፤
ጡረተኛው ፓንቴሊሞን፣ መርከብ መሪ የነበረ፣
አጥር ብቻ የሚያጥር፣ አንድ ፍላጻ ያልወረወረ፤
እና ኦስታፕ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።
ዳኑብ ለሁለት ሲከፈል፣ ከሰሜኑ ክንድ ማዶ፣ ኢዝማይል ነው ቤቱ።
ስሙን እንጂ ፊቱን ያየ የለም ከእኛ መሀል፤
በእሱ ሰማይ የሚወርደው ግን የእኔን መስኮት ያንቀጠቅጣል።

መብራት ሲሄድበት ማንም አይነግረንም፤
ኦስታፕ ቆሞ ይቀራል፤ አይሄድም፣ አይናገርም።
ክንዱ እንጨት እንደታቀፈ፣ አንድ እግሩ እንደተነሣ፣
ድርቅ ይላል ባለበት፣ እንደ እኔ መጋዘን ዓሣ።
ሰርቨሬ ደግሞ ሕግ አለው፤ ሠላሳ ሰከንድ ይቆጥራል፤
መልስ ካጣ «ጠፍቷል» ብሎ ስሙን ይሰርዛል።
የመጀመሪያው ሌሊት እንዲሁ ሰረዘው፤
እንጨቱ በረዶው ላይ ተበተነ፤ ተኩላ መጥቶ አሸተተው።

በነጋታው ካፖርቴን ሳላወልቅ ፋይሉን ከፈትኩ፤
ሠላሳን አጥፍቼ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ጻፍኩ።
ሦስት መቶ አሥር ቀን ሳይቋረጥ የሄደ፣
የምኮራበት ቆጠራ፣ በአንድ ትዕዛዝ ወረደ።
ከዜሮ ጀመረ።
ይጀምር።

ማታውን እንደገና ጨለመ፤ ከመስኮቴ ሰማሁት፣
ሩቅ ቦታ የብረት በር በኃይል ሲዘጉት።
ኦስታፕ ቆመ። አንድ ሰዓት አለው።
ዝላቲና ችቦ ይዛ በስተግራው ቆመች፤
«ምጥም እንዲህ ነው፣ መጠበቅ ነው» ብላ ጻፈች።
መንትዮቹ ግማሽ ግማሽ ወንበር ተካፈሉ፤
አንዱ ሲያይ አንዱ ሲመታ ሁለት ተኩላ ገደሉ።
ፓንቴሊሞን ዝም እንዳለ፣ ልጁን በአጥር ከበበው፤
በር መርሳቱ ትዝ ሲለው፣ ግማሹን አፍርሶ ሠራው።

ታች ወንዙ ላይ ወደቡ ከመሸ ተዘግቷል፤
ጀልባ አይወጣም፣ አይገባም፤ ዘበኛው ሰንሰለት ስቧል።
እኔም ጓዳ ወደብ አለች፣ ከቃሪያው ጠርሙስ ኋላ፣
ከግንቡ የከፈትኳት፣ ከተኩላ ለሸሸ ከለላ።

ሃምሳ ሰባተኛው ደቂቃ።
እጄ ኪቦርዱ ላይ ነው። ሥር ነኝ፤ ቁጥሩ በእጄ፤
ግን ቁጥር ለመቀየር ሰርቨሩን ማጥፋት ግድ ነው፣
ካጠፋሁት ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።
ሁሉን ቻይነት እንዲህ ነው ለካ፦
እጅ አጣምሮ ሰከንድ መቁጠር።

ሰዓቱ ሞላ። ስሙ ወጣ ከዝርዝሩ።
እሳቱን አላጠፉትም። አጥሩንም አልሰበሩ።
የወደቀውን እንጨት ዝላቲና ለቅማ ቆለለች፣
«ሲመጣ ይቆጥረዋል» አለች።

ሐሙስ ሊነጋ ሲል፣ ፓምፕ ልፈታ ስወጣ፣
በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አንዲት ነጭ መስመር መጣ፦
«ኦስታፕ ገብቷል።»
ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።
ጥቂት ቆየ። ከዚያ ጻፈ፦
«ማነው እንደ በግ ያጠረኝ? በሩስ በየት ነው?»

ፓንቴሊሞን፣ በሁለት ዓመት አንድ ቃል ያልጻፈው፣
«በስተምሥራቅ» አለው።