በሁለት ጣቢያ መሃል

ሠላሳ ዓመት ሙሉ መበየጃ ይዤ፣
በሬዲዮ ሆድ ዕቃ አጎንብሼ ፈዝዤ፣
የኖርሁበት ሥራ አንድ ነው ሲጨመቅ፤
ከሰው ቃል ላይ ያለን ሺሺታ ማስለቀቅ።

«ሺሺ ይልብኛል፣ ዜናው አልሰማ አለኝ»
እያለ ከሉማሜ፣ ከደምበጫ መጥቶ፣
ያገሬው ሰው ሁሉ ደጄ ላይ ተኮልኩሎ፣
ሬዲዮኑን እንደ ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ፤
እኔም እጠርጋለሁ።
የጠረግሁት ድምፅ የት እንደሚደፋ
አንድም ቀን አልጠየቅሁም፤
ጥራጊ ነውና።

ዓርብ ማታ እንየው መጣ እየሮጠ፤
«ጋሽ ፈንቴ፣ ይድረሱልኝ! ስፒከሬ ተቋረጠ፣
ሰዉ ገብቶ አልቋል፣ ልጅቱም ከሞጣ ደርሳለች።»
እዚሁ ማርቆስ፣ ከውትርን ማዶ፣
የጥንቱ እህል ጎተራ ዛሬ ሥዕል ሰቅሎ
«ጋለሪ» ተብሏል፤
ግድግዳው ግን አሁንም ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል።
ሽቦውን ገጥሜ፣ አቧራዬን አራግፌ
ልወጣ ስል «ይቀመጡ» አሉኝ፤
የቢራ ሳጥን ላይ ተቀመጥሁ።

ሃያ ሦስት ሰው ብንሆን ነው፤
ለሥዕሉ ጀርባቸውን የሰጡ መምህራን፣
ደግሞ ዝናብ አባሮት የገባ ባጃጅ ነጂ፣
«ሙሽራዋ የታለች?» እያለ።

ባንቺአምላክ ትባላለች። ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ፤
ጠረጴዛዋ ላይ ሽቦ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተዘርግፎ፣
በቀይ የሚጠቅሱ ትንንሽ መብራቶች።
አንዱን ቁልፍ በሁለት ጣቷ
እንደ ጨው ቆንጥራ አዞረችው።

ሺሺ አለ።

እጄ ሳላዘው ኪሴ ገባ፣ ካቻቢቴን ያዘ፤
«ቆይ ልጄ፣ ተበላሽቷል» ልል አፌን ከፈትሁ፣
ፊቷን አየሁና መልሼ ዘጋሁት።
ተበላሽቶ አልነበረም።

ጨመረችው፤
ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ሆነ፣
ደግሞ ሳሳ፣ በወንፊት እንደሚነፋ ጤፍ፤
ከሥሩ አንድ ወፍራም ጉምጉምታ ተነሣና
የተቀመጥሁበት ሳጥን፣ ባዶ ጠርሙሶቹ ሳይቀሩ
አብረው ዘመሩ።
«ይህ ሙዚቃ ነው?» አለኝ አጠገቤ ያለው መምህር፤
አልመለስሁለትም። እኔ ሌላ ቤት ነበርሁ።

በሰማንያ ሁለት ክረምት፣ የእናቴ ጓዳ፤
መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣
ድምፁ ጎረቤት እንዳይደርስ ተመጥኖ፣
የአማፂው ጣቢያ የምርኮኛ ስም ይጠራል፤
አየሩ እያሻከረው፣ እየቀረበ እየራቀ፤
እናቴ ጉልበቷን አቅፋ፣ የእኔ ጣት ቁልፉ ላይ፤
«ሃምሳ አለቃ ል...»

ሺሺ አለ።

ልየው ይሁን ልሳኑ፣ ልመንህ ይሁን ልዑል፣
አንዲት ፊደል ጥሎልን ነጋ።
ወንድሜ እሱ ነው አልን፣ አይደለም አልን፣
እናቴ ሁለቱንም እያለች ሞተች።
እኔ መፍቻ ያነሣሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

እና ዓርብ ማታ፣ በእህል ጎተራ ውስጥ፣
ሠላሳ ዓመት ያባረርሁት ሁሉ ተሰብስቦ መጣ፤
ጆሮዬን ጣልሁለት፣ እጄን አላነሣሁም፣
ከ«ል» ቀጥሎ ምን እንደሚል ልሰማ።
አላለም።
መብራት ጠፋ።
በጨለማው ባጃጅ ነጂው ብቻውን አጨበጨበ፣
ያለቀ መስሎት፤
ኋላ ሁላችንም ተከተልነው።

ሽቦዋን ስትጠቀልል ሻማ ያዝሁላት።
«ከየት ነው የምታመጪው?»
«ከተሰበሩ ሬዲዮኖች፤ በሁለት ጣቢያ መሃል ካለው ባዶ ቦታ።
እርስዎ ጋ መጠገን እንቢ ያለ አይጠፋም?»
«አስራ አንድ አሉኝ።»
«ይሸጡልኛል?»
ሰሙ ጣቴ ላይ ፈሰሰ።
«ነገ ነይና ውሰጂ፣ ዋጋ አልፈልግም» አልኋት፤
«አስሩን።»