ውሃ ልክ

ካዞላ አያያዝ ያስተማረኝ ኤርሲዶ ነው፣
አጂፕ ፎቅ ስንሠራ፣ ሐምሌ ቀኑን ሲያጨልመው።
«አንጓህን ለቀቅ አርግ፤ ብረት አይታነቅም፤
ውሃ ልክ ስታስቀምጥ ትንፋሽህን አቁም»
ይለኝ ነበር፤ አማርኛው ሲያሳስቀን ውሎ፣
እኔ ከታች ባልዲ ይዤ፣ እሱ ከላይ ተሰቅሎ።

የካቲት ላይ ሆስፒታሉ ግንበኛ ፈለገ፣
አንድ ሰው፣ በቋሚ።
ኤርሲዶ ሸሚዙን አጥቦ፣ ሳይደርቅ አደረገ።
ፈተናው አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ሜትር በሁለት፤
የሱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የኔን ሆድ ወጣበት።

ከዚያ ወረቀት መጣ።
የነዋሪ መታወቂያ፦ የኔ ጊንጆ ጉዱሩ፤
ዋስ፦ አጎቴ ሐጂ ጣሂር፣ ከነሱቁ፣ ከነግብሩ።
የሱ ካርድ የሾኔ፣ ቀኑ ካለፈ የቆየ፤
ዋስ፦ አብሮት የሚያድር ተሸካሚ።
ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላየ።

ከውሃ ልኩ ሆድ ያለች ያቺ የአየር ጠብታ
«የማን ልጅ ነህ?» አትልም፤ መሃል ትቆማለች፣ ረግታ።
እኔ ግን ስጠየቅ መለስኩ፤ ልሸሽገው አልችልም፤
ስወጣ በሩ ላይ ነበር። ፊቱን አላየሁም።

ዛሬ ደመወዜ በባንክ፣ ጡረታም ይታሰብልኛል፤
ኤርሲዶ በቀን ሂሳብ እኔው ጋ ይመጣል፣
ሆድ ያወጣ ግንቤን አፍርሶ ሊያቃና።
«አንጓህ!» ይለኛል እየሳቀ፣ ዛሬም እንደገና።

አሁን ዋስ መሆን እችላለሁ፤ ፎርሙ ኪሴ አለ፤
«ዝምድና» ከሚለው ፊት ባዶ መስመር ተሳለ።
«መምህሬ» ብዬ ጽፌ፣ መልሼ ሰረዝኩት።
አጎቴ ምን ይለኛል? ቦታዬን ቢሻማኝስ?
ሦስት ሳምንቱ ነው።
ወረቀቱን ላብ አራሰው፤ ገና አልሰጠሁት።