የፊደል ሆድ

አጅማን፣ ዓርብ ማለዳ፣ ጥላው ሳያጥር ገና፣
ከሕንፃው ጀርባ ላይ ቆማለች መኪና።
ፓጄሮ ናት፤ አሮጌ፤ ከትዳራችን በሦስት ዓመት ትበልጣለች።
ነገ ከቀትር በፊት ገዢ ከፉጄራ ይመጣል።

በበሩ ፕላስቲክ ላይ ከፍ ብለው የወጡ
ስድስቱ ፊደሎች ፀሐይ ልሷቸው ነጡ፤
ነጭ እንኳ አይባሉም፣ ያረጀ ጥርስ መሳይ።
«ሰው መጀመሪያ ስሟን ነው የሚያይ»
አለች ሙሂባ፤ «ስሙ የገረጣ ዕቃ፣
ገዢ አፉን ሳይከፍት ዋጋው ያለቀ ነው፣ በቃ።»

ከኬረላው ሰው ሱቅ ሁሉንም አመጣሁ፤
ለወረቀት ፕላስተር አራት ድርሃም አወጣሁ፤
ብርጭቆ ወረቀት፣ የለዘበውን፣ ሁለት ሺውን፤
ቲነር በሃይላንድ፤ የብር ቀለም፣ ትንሹን ጣሳውን።

በሳሙና አጠብኩት። ደገምኩት በቲነር።
በፊደሎቹ ጥግ የተኛ አሸዋ ነበር፣
የስንት ዓመት ሸማል በጥፍሩ ያመጣው፤
ስንጥሩ ተሰበረ፣ መርፌ ነው ያወጣው።

ከዚያ እሷ ተረከበች።

እኔ ጎማ ፈቺ፣ ዘይት ቀያሪ ነኝ፤
ለእንዲህ ያለ ሥራ ጣቴ አይታዘዘኝ።
እሷ ግን ባቲ ላይ፣ በሙሽሮች መዳፍ
ሂና ስትሥል ኖራ፣ እጇ ያውቃል ጫፍ፤
የት እንደሚቆም ያውቃል።

ፕላስተሩን ለጠፈች ከፊደሉ በላይ፣
እንደ ዓይነ ርግብ፣ ስሙ እስከማይታይ፤
በጥፍሯ ስትጫነው ጠርዙ አጎጠጎጠ፤
ምላጩ ያንን ጠርዝ ተከትሎ፣ እሷ ትንፋሿን ይዛ፣ ቆረጠ።

ጄና ኢ ቀለሏት፤ ሆድ የላቸው፤
ፒ፣ ኤ፣ አርና ኦ ግን ሆዳሞች ናቸው፤
መሐላቸው ክፍት፣ ጉድጓድ ያዘለ፣
እዚያ ቀለም ከገባ ሥራው ተቃጠለ።
ለየሆዱ ወረቀት ትቆርጣለች፤
የአር ምስር ታክላለች፣ የኤ ከዚያም ታንሳለች።

አንዋር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ይቆጥራል።
ፊደል ያስቆጠረችው ይቺው መኪና ናት፦
ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ ጣቱን እያስኬደ
ከፒ እስከ ኦ ድረስ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ፤
ኦ ላይ ሲደርስ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፣
«ና በል፣ ረፈደ!» እስክለው።
እናቱ ትላለች፦ «ሀ ሁን ሳላስጀምረው
የጃፓን ቆርቆሮ ቀድሞኝ አስተማረው።»

ጣሳውን ነቀነቅኩ። ውስጡ ያለችው ኳስ ቀጨል ቀጨል አለች።
ስስ አንድ። ጠብቅ።
ስስ ሁለት። ጠብቅ።
(ቸኩሎ ያወፈረ፣ ቀለሙ እንደ ልጅ ንፍጥ ይወርድበታል።)
ጥላው አለቀ። አርባ ሦስት ዲግሪ።
የፕላስተሩ ሙጫ ሊቀልጥ ነው፤
«አሁን ሳቢው!» አልኩ፤ «አሁን፣ ሳይደርቅ!»

ቀስ አድርጋ ሳበችው፣ ወደ ራሷ አጥፋ፣
የጠገገ ቁስል ፋሻ እንደሚገፈፍ።
ስድስቱ ወጡ፤ ብር፤ ጠርዛቸው የጠራ፤
ከአር እግር ሥር ብቻ ፀጉር የምታህል ቀለም ሾልካለች ወደ ግራ።
ላጠፋት ጥጥ አነሣሁ።
«ተዋት» አለች፤ «እሷን የምናውቅ እኛ ነን።»

ስለ ዋጋ አወራን። ስምንት ሺ ብንለው?
ሰባት ተኩል ቢለንስ? የሦስት ሰው ትኬት ስንት ገባ?
ቪዛው የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው።
እያወራን፣ ሁለታችንም ፊደሎቹን እናያለን፤
አዲስ ሲሆኑ የሰው ይመስላሉ።

ወረቀቱን ጠቅልዬ ልጥል ስሄድ
አንዋር ከእጄ መነተፈኝ።
ፎቅ ወጥቶ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው፤
ዙሪያው ብር፣ መሐሉ ስድስት ቀዳዳ፣
በቀዳዳው የፍሪጁ ነጭ ይታያል።
ጣቱን ከፒ አስነሥቶ ኦ ላይ አደረሰ፣
ዞረ። አሁን ከፍታ የለም፤ ጣቱ ጎድጓዳ ነው የሚያነብበው።
ፍሪጁም ተሸጧል፤ ቅዳሜ ይወሰዳል።
ገና አልነገርነውም።

ማታ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል አየሁት፤
እናቱ በመርፌ ጫፍ የለቀመቻቸውን አራቱን ሆዶች፣
የፒን፣ የኤን፣ የአርን፣ የኦን፣
በአራት ጥፍሮቹ ላይ ለጥፎ
ጡጫውን ሳይጨብጥ ተኝቷል።