ዙር መንገድ

ከቂርያት ሽሞና በጠዋት ወጥተን
በትንሽ አውቶብስ ባንያስ ደረስን፤
የጡረታ ክበብ፣ ሃያ ሦስት ሰው፣
ምርኩዙ፣ ኮፍያው፣ ለየራሱ ውኃው፤
እኔ አስተርጓሚዋ፣ ካርታ በእጄ ያለ፣
«ዙር መንገድ ነው» ብዬ ገና ስጀምር
አዛናው አጎቴ «ምን ማለት ነው?» አለ።

«በዚህ ዳር መውረድ ነው ፏፏቴው ድረስ፣
በዚያኛው ዳር ደግሞ እዚሁ መመለስ።»
«እዚሁ?» «አዎ፣ እዚሁ፣ ይኼው አስፋልት ላይ።»
«ታዲያ እዚሁ ከሆነ ደርሰን የለም ወይ?
እግር የተሠራው ሊያደርስ ነው። ዙርንስ
የማውቀው በሬ ነው፣ ጤፍ ሲያበራይ፤
እሱም ቢሆን ዞሮ ምርት ይተዋል፣
ከእግሩ ሥር ፍሬ ይገኛል።»

ሁሉም ሳቀ። እሱ ከጎማው ሥር ጎንበስ፣
ጠጠር እየለቀመ ወደ ኮቱ ኪስ፤
ኮቱ በአንድ ጎኑ እስኪያዘነብል።
«ለምን ነው?» እለዋለሁ፤ «ምሪ» ብቻ ነው የሚል።

ከሄርሞን በረዶ የወረደው ውኃ
ጥድፍ ጥድፍ ይላል እንደ ባለጉዳይ፤
ቅርፊቱ የሚላጥ፣ ግንዱ የነጣ ዛፍ
ቅርንጫፉን ጥሏል ከወንዙ በላይ።
ስሙን ማን ይወቀው? ባየች «ዝግባ ነው» ስትል፣
ፈረደ «ዝግባ አይላጥም» ብሎ ሲከራከር፣
ስሙ ሳይገኝለት ግማሽ መንገድ አለቀ፤
ጥላው ግን እስከዚያ ከእኛ ጋር ነበር።

ከወፍጮው ስንደርስ፣ ውኃ ከሚያዞረው፣
ትርንጎ ድንጋዩን ዳሰስ አደረገችው፤
«አንተ» አለችው ቆጥታ፣ «የት ነበርክ ያን ጊዜ
መጅ ስገፋ ሲያልቅ የልጅነት ወዜ?»

ከዚያ ድልድዩ። ገደሉን ታክኮ
የተንጠለጠለ፣ ሥሩ አረፋ የሚተፋ።
መደገፊያውን ጨብጠን አንድ አንድ እያልን ስናልፍ
አጎቴ ከኋላ ቆሞ ያሳልፋል፣
እጁ በኪሱ ውስጥ ጠጠር ያንኳኳል፣
ከንፈሩ ይላወሳል።
ጸሎት መስሎኝ ነበር።

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ወሬ ሁሉ ቀረ።
ባየች እልል ስትል አፏ ብቻ ታየ፤
ድምፅዋን ውኃው ወስዶ ከገደል ወረወረ።
ፈረደ መነጽሩን አውልቆ፣ እየራሰ ቆየ።
አጎቴ ግን ለውኃው ጀርባውን ሰጥቶ
እኛን ነው የሚያየው።
ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ
አንዴ እንኳ አልዞረም።

በማዶው ስንመለስ ዳገቱ ከበደ፤
ጉልበት ተማረረ፣ አቋራጭ ተፈለገ፣
ካርታዬም ተሰደበ።

ቀድሞ ሄዶ ቆመ ከአውቶብሱ በር ላይ።
አንድ ሰው ሲሳፈር አንድ ጠጠር ይጥላል።
ፈረደ፤ ቀጭ። ባየች፤ ቀጭ።
ትርንጎ፣ እያነከሰች፤ ቀጭ።
ለእኔም አንድ ጣለልኝ።
ከዚያ እጁን ሲያወጣ፣ መዳፉ ላይ አንዲት
ጠጠር ቀርታ ነበር።
ፊቱ አመድ መሰለ።
«አንድ ሰው ቀረ» አለ። ወደ ወንዙ ዞሮ
«ድንቄ! አንቺ ድንቄ!»

ድንቄ እህቱ ናት። ስሟን እንጂ መልኳን አላውቅም።
ወደ ሱዳን ሲወርዱ አርባ ስድስት ነበሩ፤
አርባ ስድስት ወጥተው ስንት እንደ ደረሱ
ተጠይቆ ያውቃል፤ መልሶ አያውቅም።

ሹፌሩ ሳልማን፣ የማስዓዳው ድሩዝ፣
ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ክንዱን ያዘ።
በዕብራይስጥ ነበር የነገረው፤ እኔም
ወደ አማርኛ መለስኩት፣ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ፤
«ሁሉም ውስጥ ነው፣ አባቴ። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ጠጠሯን አያት። ገልብጦ አያት።
አልጣላትም፤ ኪሱ መለሳት።

መንገዱን ሙሉ ሲንኳኳ የዋለው ኮት
ዝም አለ፤ አንድ ጠጠር ከማን ጋር ይጋጫል?
የፖም ማሳው በመስኮት ወደ ኋላ ሲሮጥ
«ሃያ ሦስት ወጣን» አለ፤
ትንሽ ቆየና፣ «ሃያ ሦስት ገባን።»
ከዚያ ወደ ካርታዬ አዘንብሎ፣
ሌላው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«እዚህ ላይ» አለኝ፣ «ሌላም ዙር አለበት?»