ያለ መሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሐረጎን ወጣሁት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሐረጎን ወረድሁት፤
ጨው ጭኜ ከሎጊያ፣ ሲሚንቶ ጭኜ ማታ፣
ዝናብ መስታወቴን በጅራፍ ሲመታ።
"ተራራው ያምራል ወይ?" ላለኝ መንገደኛ
መልሴ አንድ ነበረ፦ "በማርሽ ሁለተኛ!"
ዓይኔ ከአስፋልቱ ጫፍ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም፤
ገደል የሚያይ ሾፌር ከቤቱ አይዘልቅም።

ረዳቴ ይማም ግን፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣
"እየው እንጂ ጋሼ!" ይጮህ ነበር ቶሎ።
"ቦርከናን እየው! ጉሙን እየው ጋሼ!"
"ታኮህን ያዝ አንተ!" ይኸው ነበር ምላሼ።
ድንጋይ እንዳቀፈ ልጅነቱ አለቀ፤
እኔም ፍሬን ረግጬ፣
ዕድሜ እንዲያ ዘለቀ።

ዘንድሮ ጡረታ።
መኪናው ተሸጠ፤ እግሬ ግን ቀረና
ሶፋ ላይ ስጋደም ፍሬን ይይዛል ገና።
ጦይባ ልጄ መጣች፤ ገዝታልኝ ጫማ፣
ጥርሱ የሚያስፈራ እንደ አዲስ ጎማ፤
"ጦሳ እንወጣለን፣ ቅዳሜ በጧቱ፤
ለሽርሽር!" አለችኝ። ሳቁብኝ በቤቱ።
ሽርሽር! ይሄን ቃል ጎረምሳ ነው የሚለው፤
ለኔ ደሞ መንገድ የጤፍ ዋጋ ነው።

ሚኒባስ ያዝንና፣ በተሳፋሪ ወንበር
መሪ የሌለው እጄ አየር ይዞ ነበር።
በየኩርባው ሁሉ እግሬ ወለል ሲመታ
ሾፌሩ በመስታወት አየኝ በፈገግታ፦
"ፋዘር፣ ሾፌር ነበርክ?"
                    አወቀብኝ፣ ጌታ።

ጦሳ ሥር አገኘን የሚጠብቅ አንድ ልጅ፣
ገመድ በትከሻው፣ ፊሽካ ይዞ በእጅ።
"ይመር ነው ስሜ፤ ዛሬ መሪዎ እኔ።"
"መሪ ይዤ ኖሬ ይህን ሁሉ ዘመኔ
የሚናገር መሪ አላየሁም በዓይኔ!"

ገብስ የምታርም ሴት ቀና ብላ አየችን፤
ጃኬታችንን አይታ፣ አዝና ጠየቀችን፦
"የጠፋ ከብት አለ?" "ለማየት ነው፣ እቴ።"
"ሳይጠፋ መፈለግ! ጉድ ነው፣ በሞቴ!"

ባሕር ዛፉ አለቀ፤ ገብሱም ወደ ኋላ፤
አስታው ከጉም መሀል ብቅ ይላል እንደ ጥላ።
ደረቴ አጓራብኝ እንደ አሮጌ ሞተር፤
"ውሃ ጨምሩበት፣ ግሏል ራዲያተር!"
ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋዩ ሲከዳኝ
ይመር እንደ ቆመ አይሱዙ ጎተተኝ።

ጫፍ ደረስን።
ደሴ ከእግሬ በታች፣ ቆርቆሮው ሲያበራ፤
ከዚያ ወዲያ ጋራ፣ ከጋራም ወዲያ ጋራ፤
ከዚያም አየሁት መንገዴን፣
ዕድሜዬን የበላ፤
አንድ ክር ነው ለካ! ጥምዝምዝ፣ ቀጭን፣
ሸማኔ የጣለው ከሥራ በኋላ።

ክሩ ላይ፣ ጢንዚዛ የምታህል ተሳቢ
አቀርቅራ ትወጣለች፣ እንደ ሰው አሳቢ።
ድምፅዋ አይሰማም። ቢሆንም አውቃለሁ፤
ኩርባው ጋ ስትደርስ ማርሹን ቆጥሬያለሁ፦
ሁለተኛ።
ትንፋሼን ያዝሁላት እስክታልፍ ኩርባውን፤
ጦይባ ስትጠቁመኝ ያን ሁሉ ማዶውን፦
"አባባ፣ ወዲህ ዙር! አምባሰልን እየው!"
ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ማን ነበር የሚለው?

ይማም፣
ከሚሴ ሱቅ ከፍተህ ስኳር ትመዝናለህ አሉ።
ከመጣህ ንገሩት ብዬ ነበር ለሁሉ፣
አሁን ግን ከዚሁ ልንገርህ፦
አየሁት። ቦርከናን። ጉሙንም። ከሥሩ እስከ አናቱ።
ያኔ አንድ ደቂቃ፣ ዳር ይዤ ብቆምልህ
ምን ነበር ጉዳቱ?

ጉሙ መጣ ወዲያው፣ እንደ ጥጥ ባዘቶ፣
ደሴን አለበሳት፣ ክሩንም ጎትቶ።
"ይቅርታ" አለ ይመር፣ የሰማይ ዕዳ እንዳለበት።
ጦይባ ፎቶ አነሳችኝ፦ ነጭ ወረቀት፣
አንድ ሽማግሌ የተሳለበት።

ከታች፣ ከነጩ ውስጥ፣ ጥሩምባ ተሰማ፤
ረጅም፣ አንድ ጊዜ፣
ኩርባ ላይ ለሚመጣው "አለሁ" የሚባልበት።
እጄም ተነሣና፣ መሪ በሌለበት፣
የጉሙን መሀል ለመሀል
ጥብቅ አርጌ ተጫንሁበት።